ሐይቃችንን በመቅዘፊያ እንጎብኝ



በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ሐሳቤን ልገልጽበት የመረጥሁት ጉዳይ በጀልባ ስለ መጓዝ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ባሕር በሌለበት አገር ምን ጀልባ አለ?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን የምዕራብ ሸዋ ሰው የውኃ ጎረቤት ነው። የከተማችን የአምቦ ስም በአገሩ ሁሉ የታወቀው በፍል ውኃዋና በጠርሙስ እየታሸገ በሚሸጠው ውኃዋ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ካርታ ዘርግተን ብንመለከት የአካባቢያችንን መታደል እንረዳለን። ከደንዲ ሐይቅ የሚወጣው ውኃ ሁሉቃ ተብሎ በአምቦ በኩል ያልፍና ወደ ጉደር ይወርዳል፤ ጉደርም ከዓባይ ይገባል፤ ዓባይም እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ይዘልቃል። ከደቡብ ምዕራብ ሸዋ ጋር በምንዋሰንበት በኩል ካለው ከወንጪ ሐይቅ የሚነሣው ዋልጋ ግን ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ፤ በጊቤና በኦሞ በኩል ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። በግንጪ አካባቢ የሚነሣው አዋሽ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ኖሮ፤ ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እንግዲህ ተቀራርበው ከሚነሡት ከነዚህ ሦስት ውኆች ባሕር የሚደርሰው አንዱ ብቻ ነው። በየቀኑ የሁሉቃን ድልድይ የምንሻገር ተማሪዎች ስንቶቻችን ነን ውኃው ከየት እንደ መጣ የምናውቅ?

ወንጪና ደንዲ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው። ወንጪ ከአምቦ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሐይቁም ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በመካከሉ ባለችው ደሴት የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስላለ፤ ጀልባ ለአካባቢው ሰው የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ወደ ጸሎት የሚሄድበት መንገዱም ነው።

በሌላው ዓለም የባሕር ሙላት የሚገባባቸው ወንዞች አሉ። በለንደን ከተማ የሚያልፈው ቴምስ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ያህልም ይጎድላል። በሸራ ጀልባ የሚጓዝ ሰው ውኃው እስኪመለስለት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ ከውኃው ጋር ቢታገል ድካም እንጂ ትርፍ አያገኝም። በኛ አገር ወንዞች እንዲህ ያለ ነገር ባይኖርም፤ የኛም ውኃ የራሱ ሰዓት አለው። በድሮ ጊዜ ከካርቱም ወደ ጋምቤላ ይመጡ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች የሚመጡት በክረምት ባሮ ሲሞላላቸው ነበር። በወንጪ እኛን ያሻገረን ቀዛፊም ነፋሱ ጋብ እስኪል ድረስ አንዲት ቃል ሳይናገር ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ከመካከላችን «ቶሎ በል እንጂ!» ያለውን ልጅ በፈገግታ አይቶት ዝም አለ። ዘግየት ብለን ተነሣን፤ የምንሰማውም የመቅዘፊያውን ድምፅና የወፎቹን ጩኸት ብቻ ነበር።

ይህን ጉዳይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ወንጪ በ2012 ዓ.ም. በታወጀው «ገበታ ለሀገር» ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ውስጥ ቈጠረው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የወንጪ ማረፊያ ተመረቀ። መንገዱ ሲሻሻል እንግዳ ይበዛል፤ እንግዳው ሲበዛም የሚቸኩለው ይበዛል። ስለዚህ «የሞተር ጀልባ ይብዛ፤ በአንድ ሰዓት ብዙ ሰው ይመላለሳል፤ ገቢውም ያድጋል» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ከንቱ ነው አልልም። የታመመ ሰው ወይም ምጥ የያዛት እናት ለማሻገር አንድ ሞተር ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ እኔም እደግፋለሁ።

ነገር ግን ለጉብኝት መቅዘፊያና ሸራ ይበቃሉ ባይ ነኝ። አንደኛ፤ በአንድ ሞተር ጀልባ የሚሠራውን ሥራ በመቅዘፊያ ለመሥራት ብዙ ወጣቶች ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ የእንግዳው ገንዘብ ለብዙ ቤት ይከፋፈላል። ሁለተኛ፤ ሐይቁ በተራራ የተከበበ ገበታ ስለ ሆነ የሞተር ጩኸት መሄጃ አጥቶ ያስተጋባል፤ ዘይቱም ከውኃው ላይ ይቀራል። ሦስተኛ፤ እንግዳው ከሩቅ የሚመጣው ጸጥታውን ፈልጎ ነው። ጸጥታውን ራሳችን ካጠፋነው ነገ ምን እናሳየዋለን? ላሟን አርዶ ወተት የሚጠብቅ የለም።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ውኃ ዳር እንዳይሄድ የምትከለክሉት ወዳችሁት እንደ ሆነ እናውቃለን። ሆኖም ከውኃ የሚያድነው ክልከላው ሳይሆን ዋናው ነው። አምቦ በፍል ውኃ መዋኛዋ የታወቀች ከተማ ሆና፤ ልጆችዋ መዋኘት ሳያውቁ ቢያድጉ ያሳዝናል። መምህራኖቻችንም በዓመት አንድ ቀን ወደ ደንዲ ወይም ወደ ወንጪ ቢወስዱን፤ መንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰን ራሳችን ብንቀዝፍ፤ በጂኦግራፊ መጽሐፍ ያነበብነውን በእጃችን እንዳስሰዋለን።

ጓደኞቼ ሆይ! እኛ የዚህ ዘመን ልጆች መጠበቅ የማንወድ ሆነናል። መኪናው ይፍጠን፤ ስልኩ ይፍጠን፤ ውጤቱም ይፍጠን እንላለን። ውኃ ግን ለማንም አይቸኩልም። እንግዲህ ሐይቆቻችን ገና ጸጥ እንዳሉ ሄደን እንያቸው፤ ቀዛፊውንም ለድካሙ የሚገባውን ከፍለን እናክብረው፤ ለታናናሾቻችንም እንዳገኘናቸው እናስረክባቸው።