እናት ጠያቂ አይደለችም

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የማሞቂያ እጥረት እንዳለ አንብቤያለሁ። እውነት ነው። የእኔ ልጅ ግን ማሞቂያ አግኝቶ ነበር፤ ያጣሁት ልጄ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚነግረኝ ሰው ነው።

ልጄ በ31ኛው ሳምንት ተወለደ፤ 1 ኪሎ ከ400 ግራም። ወዲያው ወሰዱት። ዘጠኝ ቀን በመስታወት አየሁት። በጠየቅሁ ቁጥር «ደህና ነው» ይሉኛል። አፍንጫው ውስጥ ቱቦ ሳይ ጡት መጥባት የማይችል ልጅ የወለድኩ መሰለኝ። መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አስማምቶ ለመያዝ ሕፃኑ ወደ 34ኛው ሳምንት ገደማ መድረስ እንዳለበት፣ ቱቦውም እስከዚያ ብቻ እንደሆነ ያስረዳኝ የለም። «ወተት አልበሽ አምጪ» ተባልኩ፤ እንዴት እንደሚታለብ ግን ማን ያሳየኝ? ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢወጣልኝ አፍሬ ደፋሁት። ለካ እንገሩ ነበር። ዛሬም ያንገበግበኛል።

በአሥረኛው ቀን አንዲት ነርስ አስገባችኝ። ልጄን ከሽንት ጨርቁና ከኮፍያው በቀር ዕርቃኑን ደረቴ ላይ አስተኝታ በነጠላዬ ጠበቅ አድርጋ አሰረችን። ፊቱ ወደ ጎን፣ አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይደፋ። ድንገት ትንፋሹ ቆመ። እኔ ስርበተበት እሷ ውስጥ እግሩን አሸት አሸት አደረገችው፤ ተነፈሰ። «ገና ስላልጠና መተንፈሱን አንዳንዴ ይረሳል፤ አንቺም እንዲህ አድርጊለት» አለችኝ። በሩብ ሰዓት ውስጥ እናቱ ሆንኩ።

ይህ አያያዝ፣ የካንጋሩ እንክብካቤ የሚባለው፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ቦጎታ የተጀመረው ማሞቂያ ስላልበቃ ነው። በእኛም አገር ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ውስጥ ያደረጉት ጥናት በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ቶሎ የታቀፉት ሕፃናት ይበልጥ ተርፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአራት የአፍሪካ አገሮችና በሕንድ ያስጠናውና በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ደግሞ፣ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከእናቱ ደረት ሲውል በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚደርሰው ሞት በሩብ እንደሚቀንስ አሳይቷል። «እናቶች ከገቡ ኢንፌክሽን ይገባል» ለሚሉም መልስ አለው፤ በዚያው ጥናት የኢንፌክሽን ጥርጣሬ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም።

ክፍሎቹ ጠባብ፣ ነርሶቹ ጥቂት መሆናቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። ቢሆንም ከማሞቂያው አጠገብ አንድ ወንበር ይግባ። በቀን አንድ ጊዜ እናቲቱ በምትሰማው ቋንቋ፣ ኦሮምኛም ይሁን ሲዳምኛ፣ ልጇ ዛሬ ምን ላይ እንዳለ ይነገራት። እናት ጠያቂ አይደለችም፤ በመስታወት አይታ የምትመለስ አይደለችም።

ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ደግሞ ቤት የሚጠብቃት ሰው ይጠራ። በእኛ ቤት ውሳኔው የአማቴ ነበር። ልጁን የሚያልሱት ቅቤ ተነጥሮ፣ የሚታጠብበት ውኃ ሞቆ ይጠብቀን ነበር። እኔ አራሷ ምን ብዬ እከለክላቸዋለሁ? ያቺው ነርስ አማቴ ሊወስዱን የመጡ ዕለት አስቀምጣቸው ከጡት ወተት በቀር ምንም እንዳይቀምስ፣ ለጊዜው ገላው እንዳይታጠብ፣ ብርድ እንደሚጎዳው በአክብሮት ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ ሌሊት እኔን ሲደክመኝ ቀሚሳቸውን ከፍተው ልጁን ደረታቸው ላይ ያደርጉና ጋቢያቸውን ደርበው ቁጭ ብለው ያነጉ ነበር።

አንባቢያችሁ
ከአዳማ