ሞግዚቷን ያልቆጠረ ሒሳብ

በርበሬ የሚደርቀው በፀሐይ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣው ደግሞ እኛ ቢሮ ስንሆን። ስለዚህ ትንሽ ልጅ እያሳደገች፣ የወር ደመወዟን ሳትለቅ፣ በጎን በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥ እናት ባጋጠመችኝ ቁጥር የምጠይቃት አንድ ነገር አለ፤ ያንን በርበሬ ቀን ቀን የሚያገላብጠው ማን ነው?

ጥያቄው የሙያ አመል ነው። የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ ወዳጆቼና የሥራ ባልደረቦቼ «እስቲ አንዴ እይልኝ» እያሉ ደብተራቸውን ያመጡልኛል። ደብተሩ ላይ የዛላው ዋጋ አለ፤ የነጭ ሽንኩርቱ፣ የኮረሪማው፣ የወፍጮ ቤቱ፣ የማሸጊያው፣ ዕቃ አድራሹ ሞተረኛ ሁሉም አሉ። ከታች «ትርፍ» ተብሎ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ልጁን ይዛ በርበሬውን ስትጠብቅ የዋለችው ሞግዚት ግን ከላይ እስከ ታች ብትፈለግ የለችም። «እሷ እኮ የቤት ወጪ ናት» ይሉኛል። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው።

የጎን ሥራ ለምን እንደሚጀመር ለማስረዳት ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሲወደድ ዳይፐርና የቆርቆሮ ወተት አልቀሩም። ደመወዝ ቢጨመርም ገበያውን ሮጦ አልደረሰበትም። ሥራውን ጀምሩ፤ ደመወዛችሁንም አትልቀቁ። እስከዚህ ድረስ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ ከምክሩ ጋር ነው። ቲክቶክ ብትከፍቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንድትነሱና «የባከነ ጊዜያችሁን» እንድትሰበስቡ የሚመክር ሞልቷል። የቱን የባከነ ጊዜ? ሕጉ መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎታል። የታክሲ ሰልፉን ጨምሩበት። ጥርስ እያበቀለ ሌሊቱን ሲያለቅስ የሚያድር ልጅ ጨምሩበት። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ለንግድ የዋለ ሰዓት ካለ፣ ስንመረምረው አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ሰዓት ሆኖ እናገኘዋለን።

በርበሬ ያዘጋጀ ሰው የምለው ይገባዋል። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ታጥቦ ይሰጣል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ተደልዞ ያድርና እንደገና ይሰጣል፤ በመጨረሻ ኮረሪማውና አዝሙዱ ገብቶበት ወፍጮ ቤት ይሄዳል። መቀንጠሱና መደለዙ ልጅ ከተኛ በኋላ ማታ ይሠራል እንበል። ማስጣቱ ግን ለማታ አይቀጠርም። ዳመና ሲመጣ የሚያነሳ፣ ሲገለጥ መልሶ የሚያሰጣ ሰው ይፈልጋል። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ግቢው መውጣት መውረድ አለ። በዚህ ሁሉ መሃል ድክ ድክ የሚል ልጅ ወደ ተሰጣው በርበሬ ይገሰግሳል። በርበሬ የነካ እጅ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን አንዴ ያየ፣ ሞግዚቷ በእነዚያ ቀናት ሁለት ሥራ እንደምትሠራ አይጠራጠርም። የሚከፈላት ግን ለአንዱ ነው።

«ቤት ስለሆነ የሠራሁት ከገበያ ቀንሼ እሸጣለሁ» ይባላል። ያ ቅናሽ ከሰማይ አልወረደም፤ ሞግዚቷ ለማታውቀው ደንበኛ የምትከፍለው ድጎማ ነው።

የሕጉ ነገርም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ የሚደረግን የግል አገልግሎት ቅጥር አይመለከትም። የቤት ሠራተኞችና ሞግዚቶች ከሰዓት ገደቡም ከዓመት ፈቃዱም ውጭ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ የሚላቸው ጥቂት አንቀጾች ናቸው የተረፏቸው። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ማንበብ ግን እችላለሁ። «ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ» ነው የሚለው። ሞግዚቷ ሽሮ ማሸግ ከጀመረችበት ዕለት አንስቶ ሥራው ለትርፍ ሆኗል። ከሷ ጋር ያላችሁ ስምምነትም በዚያው ዕለት ይቀየር፤ ስንት ሰዓት፣ በስንት ብር፣ የዕረፍቷ ቀን የትኛው እንደሆነ ተነጋገሩ። ይህን ሳታደርጉ ቀርታችሁ በዳግማዊ ትንሣኤ ማግስት «ሞግዚቴ ጥላኝ ሄደች» ብትሉ አላዝንላችሁም።

ሞግዚት የሌላት በእናቷ ትሠራለች። «እማዬ ደስ ይላታል» ሲባል ስንቴ ሰማሁ! ደስ ሊላትም ይችላል፤ ጉልበቷን ግን ማን ጠየቀው? ለእናት ደመወዝ ልክፈል ማለት ስድብ እንደሚሆን ይገባኛል። እንግዲያው በስሟ ዕቁብ ግቡላትና ከሥራው ገንዘብ እየወሰዳችሁ ጣሉላት። ዕጣው ሲደርሳት የምታደርግበትን እሷ ታውቃለች። ደብተሩ ላይ ግን ወጪ ተብሎ ይጻፍ።

አባትየውስ? ያው አዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። የጠያቂው ገንፎ ሳያልቅ ፈቃዱ ያልቃል። ሕጉ እንዲህ ቢሰስትም፣ አባት ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ይዞ እንዳይውል የሚከለክል አንቀጽ አላየሁም። በነገራችን ላይ ሥራ የጀመረ አባት «ልጁን ማን ያዘልህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። እናት ግን ገና ሦስት ኪሎ ሽሮ ሳትሸጥ ትጠየቃለች።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ደብተሩ በወር 9,000 ብር ትርፍ አሳየ እንበል። ለሞግዚቷ የተጨማሪው ሥራ 3,000፣ ለእናት ዕቁብ 2,000 ብናወጣ 4,000 ይቀራል። ከዚህ ላይ ሐምሌን አስቡ። ፀሐይ የለም፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ተዘግቶ ልጁ ሙሉ ቀን ቤት ነው፣ የግብር መክፈያ ወቅትም ነው። ክረምቱን በ4,000 ብር የሚሻገር ሥራ አለ፤ የማይሻገርም አለ። የትኛው እንደሆናችሁ በ9,000ው ላይ ተኝታችሁ አታውቁትም።

«እንዲህ ከተቆጠረማ ማንም አይጀምር!» አለችኝ አንዷ ወዳጄ፣ ተቆጥታ። ተቆጥታም ቢሆን ቆጠረችው። ከዚያ በኋላ በርበሬውን ከዘወትር ሥራዋ አወጣችው። ሽሮ የሚፈልገውን ጊዜ እሷ ራሷ አላትና፤ አተሩንና ሽምብራውን ማታ ትለቅማለች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ባሏ ልጁን ሲይዝ አምሳ ታስፈጫለች፣ ሰኞ ቢሮ ይዛ ትሄዳለች። የዓቢይ ጾም 55 ቀናት ገበያዋ ናቸው። በርበሬ የምታዘጋጀው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ ፀሐዩ ሲጸና፣ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ነው፤ ዋጋዋንም ከሱቁ አታሳንስም። አንዳንድ ደንበኞች ሄዱባት፣ ሌሎቹ ግን አብረዋት ቀሩ። ሥራ ሲመረጥ የገበያውን ያህል ሥራው የሚሠራበት ሰዓትም መታየት እንዳለበት ከማንም አሠልጣኝ በተሻለ ያሳየችኝ እሷ ናት።

ደብተር ያላችሁ ሁሉ ከዚህ ወር ጀምሮ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ልጁን ለያዘው ሰው የሚከፈል። ከኮረሪማው በላይ ጻፉት። ከሱ በኋላ የሚተርፍ ነገር ካለ ሥራችሁ ያዋጣል። ካልተረፈ ወይ ዋጋ ጨምሩ፣ ወይ ዕቃውን ቀይሩ። «እስቲ አንዴ እይልኝ» ብላችሁ ስትመጡም አስቀድሜ የማየው ያንን መስመር ነው።