ተመላሹን ቆጠራችሁ፣ ዕዳውንስ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ማን ሂዱ አላቸው? ጠርንፎ መመለስ ነው!» ብሎ ለጥፎ አየሁ። የላይኩ ብዛት! ላይክ ካደረጉት ውስጥ እኔው ያስተማርኳቸው ልጆችም አሉበት። ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

አምና አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ትራንስክሪፕት ሊያወጣ መጣ። 10ኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነበር። ከወሎ ተነስቶ በጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ተያዘ፣ ታሰረ፣ በአውሮፕላን ቦሌ ወረደ። የመሳፈሪያ ብር ተሰጠው። መዝገብ ላይ «ተመላሽ» ተባለ፤ አለቀ።

ቤቱ ግን አላለቀም። አባትየው ለደላላው የከፈሉት ሁለት በሬ ሸጠው፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድረው ነው። በሬ የሌለው ገበሬ ምን ያደርጋል? መሬቱን የእኩል ሰጥቶ ቁጭ ይላል። አበዳሪው ደግሞ ዘመድ ስለሆነ በለቅሶውም በሰርጉም ይገናኛሉ። «ቲቸር፣ ሰው እኔን ሲያይ ብሩን ነው የሚያየው» አለኝ። ሦስት ወር አልቆየም፣ በዚያው መንገድ ተመልሶ ሄደ።

አንድ አገር ዜጋውን መቀበል አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ልጆቻችን ሳዑዲ እስር ቤት ከሚበሰብሱ ይምጡ። የሚያናድደኝ ማምጣቱ እንደ መፍትሔ ሲወራ ነው። በ2006 ዓ.ም በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ተመለሰ። በ2014 ደግሞ እንደገና ወደ 100 ሺህ ሰው ለማምጣት ስምምነት ተደረገ። ማባረር ሰው የሚያስቀር ቢሆን ሁለተኛው ስምምነት ለምን አስፈለገ?

አውሮፓዎቹማ ባሰባቸው። ኢትዮጵያ ሕገወጥ ስደተኞቿን በመቀበል አልተባበረችም ብለው በሚያዝያ 2016 የሸንገን ቪዛ ላይ ገደብ ጣሉብን። 15 ቀን የነበረው የመልስ ጊዜ 45 ቀን ሆነ፤ ደጋግሞ የሚያስገባውም ቪዛ ቀረ። ማን ተቀጣ? ስብሰባ የተጠራ መምህር፣ ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ እናት፣ ወረቀቱን አሟልቶ ወረፋ የቆመ ሰው። በሊቢያ በኩል የሚሻገረው ልጅ ኤምባሲ ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። ደላላው 45 ቀን ጠብቅ አይልም። (በነገራችን ላይ የኛም ባለሥልጣናት የጮኹት ለራሳቸው ቪዛ እንጂ ለዚያ ልጅ አይመስለኝም።)

እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ፣ ፖሊሲ አላረቅም። ግን ልጁ ቦሌ ሲወርድ ሻንጣውን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ጠይቁት። ያለ መያዣ የሚያበድር አንድ ተቋም ስጡት። በሬውን የበላው ደላላ ደግሞ ከተማ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ እናየዋለን፤ እሱን ያዙ። ከዓመት በኋላም «ስንቱ አመጣን?» ሳይሆን «ስንቱ አሁንም እዚህ አለ?» ብላችሁ ቁጠሩ።

ላይክ ያደረጋችሁ ልጆቼ፣ ከእናንተ ክፍል ስንቱ ሄደ? ስም አትጥሩ፣ ቁጥሩን ብቻ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።