የሁለት ደቂቃ ተስፋ

ወገኖች፣ ሰው የሚጠብቀው ነገር ቀስ በቀስ ልቡን ይይዘዋል። ስለዚህ ጉጉታችንን ማን እንደሚቀሰቅሰውና እንዴት እንደሚቀሰቅሰው ማስተዋል ይገባናል። ዛሬ ይህን የማነሣው ብዙ ወላጆች የማያውቁትን፣ አንዳንድ ወጣቶቻችን ግን ደጋግመው የሚያዩትን ነገር ይዤ ነው፤ ለጃፓን የሚና ጨዋታ ጌሞች የሚሠሩ ትሬለሮችን።

እነዚህ ጌሞች እንደ እግር ኳስ ጌም በአንድ መቀመጫ አያልቁም። ተጫዋቹ የታሪኩን ባለቤት ሆኖ ረጅም ጉዞ ይጓዛል፤ ብዙ ንግግር ያነብባል፤ ገጸ ባሕርያቱን ቀስ እያለ ይላመዳል። አንዱን ለመጨረስ 40 ወይም 60 ሰዓት መፍጀት የተለመደ ነው። ውበታቸው ያለው በዚህ ዝግታ ውስጥ ነው።

ታዲያ ይህን ዝግታ በሁለት ደቂቃ ማሳየት ይቻላል? አይቻልም። ስለዚህ ትሬለሩ ጌሙን ትቶ ስሜቱን ያሳያል። ሙዚቃው ቀስ ብሎ ይጀምርና ከፍ ይላል፤ የሚያለቅስ ፊት ብልጭ ይላል፤ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይሰማል፤ መጨረሻ ላይ የጌሙ ስምና አንድ ቀን ይወጣል። የቀረውን የተመልካቹ ምናብ ይሞላዋል። ወዳጆቹ ቪዲዮውን እያቆሙ ይመረምሩታል፤ ለሌላው ያወሩታል። ያለ ክፍያ ማስታወቂያ ይሆናሉ ማለት ነው።

በፈረንጆቹ ኅዳር 2013 የወጣውን የ«ፐርሶና 5» የመጀመሪያ ቪዲዮ እንመልከት። የሚታየው ሰንሰለትና የብረት ኳስ የታሰረባቸው ወንበሮች፣ ስለ ባርነትና ነፃነት ከሚናገር አጭር ጽሑፍ ጋር ነበር። ጨዋታው ራሱ አልታየም። በ2014 ክረምት ይወጣል የተባለው ጌም ለጃፓን የደረሰው በመስከረም 2016፣ ለሌላው ዓለም ደግሞ በሚያዝያ 2017 ነው። ሲወጣ ብዙዎች ወደዱት፤ ይህን መካድ አይገባም።

«ፋይናል ፋንታሲ ቨርሰስ 13» ግን ከዚህ ይከብዳል። በ2006 ተዋወቀ፤ ትሬለሮቹም ለዓመታት ሲያስጎመጁ ኖሩ። በ2013 ስሙ «ፋይናል ፋንታሲ 15» ሆኖ ተለወጠ፤ የወጣው በኅዳር 2016 ነው። በትሬለሮቹ ላይ ሰዎች የወደዷት ስቴላ የተባለች ልጅ በጌሙ ውስጥ የለችም፤ ቦታዋን ሌላ ገጸ ባሕርይ ወስዳዋለች። በ14 ዓመቱ መጠበቅ የጀመረ ልጅ 24 ሞላው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ አይደለምን?

«ጉጉቱም ራሱ ደስታ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። አብሮ መጠበቅ ወዳጅነትን ይፈጥራል። እኔ ግን ሰውን በጉጉት ለማቆየት የተሻለ መንገድ አለ እላለሁ። የ«ኦክቶፓዝ ትራቭለር» ሠሪዎች በመስከረም 2017 የጌሙን መሞከሪያ በነፃ ለቀቁ፤ የሞከሩትንም ሰዎች አስተያየት ጠየቁ። በሐምሌ 2018 ሙሉው ጌም ከመውጣቱ በፊትም በተቀበሉት አስተያየት መሠረት ምን እንዳሻሻሉ ለሕዝብ ተናገሩ። እዚህ ሰው የጠበቀው የቀመሰውን ነው።

ስለዚህ ወጣት ሆይ፣ ትሬለር አይተህ ልብህ ሲነሣ ሦስት ነገር ጠይቅ። ያየሁት ጨዋታው ነው ወይስ ለማስታወቂያ የተሠራ ፊልም? ሠሪዎቹ ከዚህ በፊት የተናገሩትን ፈጽመዋል? ሌሎች እስኪሞክሩት ብቆይ ምን ይቀርብኛል? ለሦስቱም መልስ ሳታገኝ ገንዘብህን አስቀድመህ አትክፈል። ጌሙ ከወጣ በኋላም ይገዛል።

ወላጆችም «ይህ የማይረባ ነገር ነው» ብላችሁ በሩን አትዝጉ። አብራችሁት ተቀመጡና «ምን አየህበት? ምንስ ትጠብቃለህ?» በሉት። ልጁ ስለ ጌሙ ሲመልስ ስለ ልቡም ይነግራችኋል፤ ጓደኝነትን፣ ጀግንነትን ወይም ሊያነብበው የሚናፍቀውን ረጅም ታሪክ ታገኙ ይሆናል። ይህ ናፍቆት የሚናቅ አይደለም።

መጠበቅ መልካም ነው። ነገር ግን የተስፋ ክብደት በሙዚቃው ከፍታ አይለካም። የሚለካው ቃሉን የሰጠው ወገን ቃሉን በመጠበቁ ነው።