ትብብር የጠየቅንበት ደብዳቤ

ርዕሰ መምህሩ የብረት ሸልፋቸውን ከፍተው አንድ የወፈረ ቦክስ ፋይል አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ውስጡ ከዩኒቨርሲቲ ለጥናት የሚመጡ ተማሪዎች ይዘውት የመጡት ደብዳቤ ብቻ ነው። ሁሉም ላይ ክብ ማኅተም አርፏል፤ ሁሉም የሚያልቁት «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በአክብሮት እንጠይቃለን» በሚለው ቃል ነው። አራቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነበር።

«ዶክተር፣ ለሁሉም ተባብረናል» አሉኝ። «መምህራኑ መጠይቅ ሞልተዋል፤ እኔም ቃለ መጠይቅ ሰጥቻለሁ። ምን እንደተገኘ ግን ተመልሶ የነገረን የለም።»

በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። እኔ ግን አፈርኩ። የትምህርት አመራር ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል፤ ብዙ ርዕሳነ መምህራን በክረምት መርሐ ግብር አስተምሬ ለሁለተኛ ዲግሪ አብቅቻለሁ። የመመረቂያ ጥናታቸው የተሠራበት ትምህርት ቤት ውጤቱን ሰምቶ እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ አገር ቤት ይወጣ ነበር፤ አብዛኛው በመምህርነት። አንድ ዓመት የኖረበትን ትምህርት ቤት ሰው ያውቀዋል። የእኛ ተመራማሪ መጠይቁን ሰኞ በትኖ ረቡዕ ይሰበስባል።

ከትምህርት ቤቶቹ መራቃችን የፈተና ውጤት ሲነገርም ታይቷል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተፈተኑት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ። ውጤቱ ሲነገር ብዙዎቻችን ጣታችንን ወደ ትምህርት ቤቶቹ ቀሰርን። መምህራኑንና ርዕሳነ መምህራኑን ያሠለጠንነው ግን እኛው ነን።

ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንደወጣሁ ፊርማዬ ካለባቸው ጥናቶች አንዱን መረጥኩ። ርዕሱ የተማሪዎች ማርፈድ ነው። ጥናቱን የሠራችውን የቀድሞ ተማሪዬን ለምኜ ከእንግሊዝኛው ሦስት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ አወጣንና በትምህርት ቤቱ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ተነበበ። ዋናው ግኝት፣ ተማሪዎች የሚያረፍዱት ቤታቸው ስለሚርቅ ነው የሚል ነበር።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ የሒሳብ መምህር እጃቸውን አወጡ። «ከሩቅ በእግሩ የሚመጣው ልጅ ጎሕ ሲቀድ ስለሚነሣ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል» አሉ። «የሚያረፍዱት እዚሁ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚኖሩት ናቸው። ራሳቸው ያበስላሉ፤ ውኃ ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ቅዳሜ ለስንቅ አገራቸው ገብተው ሰኞ ይመለሳሉ።»

መጠይቁን ከፍተን አየነው። «ቤትህ ከትምህርት ቤት ምን ያህል ይርቃል?» ይላል። ልጆቹ የጻፉት የወላጆቻቸውን ቤት ርቀት ነበር። እኔ አማካሪ ሆኜ ያለፈኝን ስሕተት እሳቸው በአንድ ደቂቃ አዩት። ጥናቱ ግን «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብሎ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል፤ ዛሬም እንደተሳሳተ እዚያው ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ የማማክራቸው ሁሉ ግኝታቸውን በትምህርት ቤቱ፣ በአማርኛ፣ በመምህራኑ ፊት ሳያቀርቡ ለመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ አላቀርባቸውም። ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ የትራንስፖርት ወጪም አለው። የሥራ ባልደረቦቼ ጊዜው አይበቃም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ የመከላከያው ወቅት ሁሌም ጥድፊያ ነው። ለማዕረግ ዕድገት ደግሞ የሚመዘነው በዋናነት ኅትመት ነው። እኔ ግን ይህ በአንድ አማካሪ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ልማድ ሆኖ መቅረት የለበትም እላለሁ። በመርሐ ግብሩ መመሪያ ውስጥ ይግባ፤ ትብብር የሚጠይቀው ደብዳቤም ውጤቱ የሚመለስበትን ቀን ይያዝ።

ባለፈው ሰኔ ወደዚያ ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ቦክስ ፋይሉ ውስጥ ከደብዳቤዎቹ ኋላ ሦስት የአማርኛ ማጠቃለያዎች ገብተዋል። የሁለቱ ኅዳግ በመምህራን እጅ በቀይ ስክሪብቶ በተጻፈ እርማት ተሞልቷል።