እርጅና በአፍሪካ፦ አጥኚዎቹ የሚሠለጥኑት የት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እ.አ.አ. በ2050 ከዓለማችን አረጋውያን 80 በመቶው የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ነው። የእርጅናን ሥነ ሕይወት የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የሚሠለጥኑባቸው ማዕከላት ግን በአመዛኙ በበለጸጉት አገራት ይገኛሉ።

ከዶክትሬት በኋላ የሚሰጠው ሥልጠና ወጣቱ ተመራማሪ በነባር ሳይንቲስት ቤተ ሙከራ ሠርቶ የራሱን የምርምር ቡድን ለመምራት የሚበቃበት ምዕራፍ ነው። በአሜሪካ የዚህ ዘርፍ ዋና ደጋፊ በ1974 የተቋቋመው ብሔራዊ የእርጅና ተቋም ነው፤ ዋነኛው የሥልጠና ድጎማ ግን ለአገሪቱ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች የተወሰነ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከናይሮቢ የሚሄድ ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ የሚቀጠረው በአስተናጋጁ ፕሮፌሰር የምርምር በጀት ነው። በመሆኑም የሚያጠናው የፕሮፌሰሩን ጥያቄ ነው።

ይህ ሳይንሱንም ይጎዳል። በ2001 የታተመ ጥናት፣ በናይጄሪያ ኢባዳን በሚኖሩ የዮሩባ አረጋውያን ዘንድ በየዓመቱ በመርሳት በሽታ አዲስ የሚያዙት ድርሻ፣ በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ከሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ ሊታይ የቻለው የሁለቱም ከተሞች ተመራማሪዎች በአንድ ዓይነት ዘዴ አብረው ስላጠኑ ነው።

ስለዚህ ለአፍሪካ ቀንድ የሚበጀው ወጣቶችን መላክ ብቻ አይደለም። ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ቤተ ሙከራና ቋሚ የሥራ መደብ ከሌለ፣ የአካባቢውን አረጋውያን ጥያቄ የሚያነሳ አይኖርም።