የወተት ቅልና መሥሪያ ቤት

በወረታ ዙሪያ የፎገራን ላም ያለበ ቤት ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፤ የወተት ቅል ታጥቦ ብቻ አይቀመጥም፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ልጅ ሳለሁ ጭሱ ለመዓዛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን የቅሉን አንገት በጣቷ ትዳስስ ነበር፤ ካዳለጣት እንደገና ታጥበዋለች።

ያ የሚያዳልጥ ነገር ሳይንስ «ባዮፊልም» የሚለው የባክቴሪያዎች ማኅበር ነው። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊውዌንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 ከጥርሱ ላይ ፍቆ በማጉያ መነጽር ያያቸው፣ እኛም በየጧቱ በመፋቂያ የምናባርራቸው ሕያዋን የዚሁ ማኅበር አባላት ናቸው። ባክቴሪያዎች ብቻቸውን ሲንሳፈፉ ደካሞች ናቸው። አንድ ገጽ ላይ ሲሰፍሩ ግን ኬሚካላዊ መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ቁጥራቸው ሲበቃ፣ በእድር ቋንቋ ምልዓተ ጉባኤው ሲሟላ፣ ጠባያቸውን ይለውጣሉ። ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠራ ዝልግልግ ልባስም ይደርባሉ። ብቸኛውን ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት በልባሱ ውስጥ ላለው እስከ ሺህ እጥፍ ቢጨመር እንኳ ላይበቃ ይችላል።

ይህ ጥበብ በራሱ ክፉ አይደለም። በተክል ሥር ዙሪያ እንዲህ ተሰባስበው ተክሉን ከበሽታ የሚከላከሉ ባክቴሪያዎች አሉ። የፎገራ ገበሬም የሩዝ ማሳውን አረም ብቻውን አይዘልቀውም፤ ደቦ ይጠራል። መያያዝ ኃይል ነው።

ነገር ግን ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አንድ አዛውንት ገበሬ ለአንዲት ፊርማ ሦስት ቀን ተመላለሱ። የመዝገቡ ስሕተት የእኛ መሆኑን አምስታችንም እናውቅ ነበር። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ግን አልተናገረም። «ነገ ይምጡ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። በአራተኛው ቀን አልመጡም። ከመካከላችን ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም፤ እርስ በርስ የተሸፋፈንበት ልባስ ግን የእርሳቸውን አቤቱታ አላስገባም።

ስለዚህ ማኅበር ይፍረስ አልልም። ስብሰባና ግምገማ ግን ብዙ ጊዜ ከላይ እንደሚፈስ ውኃ ነው፤ ልባሱን አያልፍም። የሚያስፈልገው መፈግፈግ ነው፤ የባለጉዳይን ቅሬታ ከእኛ ውጭ ያለ ሰው ያንብበው፣ ስሕተትን የተናገረ ባልደረባም እንደ ከዳተኛ አይታይ። ይህም ነገሩ እስኪሸት ተጠብቆ አይደለም። እናቴ ቅሉን የምታጥነው ወተቱ ከተበላሸ በኋላ አልነበረም፤ ላሟ ከመታለቧ በፊት ነበር።